የካቢኔት እጀታ አልገጥም ሲል

እጀታው ያምራል፣ ብሎኑም አብሮት አለ። ካቢኔቱ ላይ ሲሞከር ግን አንዱ ቀዳዳ ይገጥምና ሌላው ሁለት ጣት ያህል ይርቃል። ከሁሉም በላይ የሚያጋጥመው ይሄ ነው። ሱቅ ሄደን የምንናገረው የእጀታውን ርዝመት ነዋ! ካቢኔቱ የሚፈልገው ግን በሁለቱ ብሎኖች መሃል ያለውን ርቀት ነው። ባለ 128 ሚሊ ሜትር የሚባለው ዘንግ መሳይ እጀታ ከጫፍ እስከ ጫፍ 180 ሊያልፍ ይችላል።

ስትለኩ የቀዳዳውን መሃል በዓይን አትገምቱ። ከአንዱ ቀዳዳ ግራ ጠርዝ እስከ ሌላኛው ቀዳዳ ግራ ጠርዝ ለኩ። ቀዳዳዎቹ እኩል ስፋት ስላላቸው የምታገኙት ቁጥር ልክ ከመሃል እስከ መሃል ያለው ነው። የሜትሩ ጫፍ ላይ ያለችው ብረት ስለምትላወስ ከ10 ሴንቲ ሜትር ጀምራችሁ ኋላ ብትቀንሱት ይሻላል። 64፣ 96፣ 128፣ 160 ወይም 192 ሚሊ ሜትር ካገኛችሁ የተለመደው ልክ ነው፤ ሁሉም በ32 ይካፈላሉ። 76 ከሆነ ግን እጀታው ባለ 3 ኢንች ነው። ዘመድ ከአሜሪካ በሻንጣ ያመጣው እጀታ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ነው። 96 ላይ በምንም መንገድ አይገባም፤ ቀዳዳውን እያሰፋችሁ አታበላሹት።

ተሳስታችሁ ከገዛችሁ መቀየሩ ይቀላል። መቀየር ካልተቻለ አንዱን አሮጌ ቀዳዳ ተጠቅማችሁ ሌላውን ብቻ በ5 ሚሊ ሜትር ፑንታ ብሱ። ከጀርባው ቁራጭ እንጨት አጥብቃችሁ ያዙ፤ ያለበለዚያ ችፕውዱ ፑንታው በሚወጣበት በኩል ይፈረፈራል። የተረፈው ቀዳዳ ቀለም በሚቀባ እንጨት ላይ ከሆነ ሰጋቱራ በኮላ ለውሳችሁ ሙሉት። በሚያብረቀርቅ ኤምዲኤፍ ላይ ግን ድፍኑ ሁልጊዜ ይታያል። እዚያ ከእጀታው ሥር ገብቶ ቀዳዳውን የሚሸፍን ጠፍጣፋ ብረት መግዛት ነው የሚያዋጣው።

ብሎኑ እስከ መጨረሻው ጠብቆ እጀታው ከተወዛወዘ ብሎኑ ረዝሟል ማለት ነው። ጫፉ እጀታው ውስጥ ሄዶ ቆሟል፣ በሩን ግን አላጣበቀም። ጨርሶ ካልያዘ ደግሞ አጥሯል። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ የጣውላው ውፍረት ሲደመር 7 ሚሊ ሜትር ያህል። 18 ሚሊ ሜትር በር 25 ይፈልጋል። መሳቢያ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፊቱ ድርብ መሆኑን ስለሚረሳ ነው። 16 እና 18 ከተደራረቡ 34 ይሆናል፣ 7 ሲጨመር 41፤ ስለዚህ ለዚያ የሚቀርበውን 40 ግዙ። ረጅም ብሎን ብቻ ካላችሁ ከጭንቅላቱ ሥር ሮንዴላ ጨምሩ። ወይም መጀመሪያ ዳዶ አስገቡበትና ትርፉን በሰጌቶ ቁረጡ። ከዚያ ዳዶውን ስታወጡት የተጎዳውን ጥርስ እያስተካከለ ይወጣል። እኔ ይህን ዘዴ ሳላውቅ ስንት ብሎን ጥያለሁ!

ብሎኑ ሁለት ዙር ገብቶ ቀጥ ካለ በካቻቪቴ አትታገሉት። እዚህ ገበያ ላይ የተለመደው ኤም 4፣ ማለትም ባለ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ብሎን ነው፤ የአሜሪካኖቹ ደግሞ 8-32 የሚባል ነው። ውፍረታቸው ሲያዩት አንድ ይመስላል፣ ጥርሳቸው ግን ይለያያል። በግድ ካጠበቃችሁት የእጀታው ጥርስ ይበላል፣ ያኔ መፍትሄ የለውም። ስለዚህ አብሮት የመጣውን ብሎን አትጣሉ። ሱቅም ስትሄዱ እጀታውን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ።

ባለ አንድ ብሎኗ ክብ እጀታ በራሷ የምትዞር ከሆነ ባለ ስፕሪንግ ሮንዴላ ያስይዛታል። ለከባድ ድስት መሳቢያ ግን እሷን ባታደርጉ ይሻላል፤ ባለ ሁለት ብሎን ይሁን።

የማዕዘን መሳቢያ ሲከፈት የጎረቤቱን እጀታ ከመታ ምክንያቱ እጀታው ወደ ፊት የሚወጣበት ልክ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት መሳቢያውን ጎትታችሁ በመሃል ያለውን ክፍተት ለኩ። ወደ ፊት ብዙ የማይወጣ እጀታ ስትመርጡ ደግሞ አራት ጣታችሁን ከሥሩ አስገብታችሁ ሞክሩት።