የባሌ ተራሮችን ሲጎበኙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ካለው ከፍተኛ ሜዳ፣ ሳነቴ አምባ ላይ የደረሰ ጎብኚ ከመኪናው መስኮት ግራና ቀኝ ተመልክቶ «ባዶ ሜዳ ነው እኮ» ሲል በአስጎብኚነት ሥራዬ ስንት ጊዜ እንደሰማሁ ቆጥሬ አልዘልቀውም፤ ከስህተቶች ሁሉ የሚያንገበግበኝም ይህ ነው። ጎብኚው ዐይኑን ወደ ሩቅ ይልካል፤ የሳነቴ ሕይወት ግን ከእግሩ ሥር፣ አፈር ውስጥ ነው። በዓለም ላይ ከባሌ በቀር የትም የማይገኘው ትልቁ ፍልፈል እዚያ ይቆፍራል፤ ዐይኖቹ ወደ አናቱ የተጠጉ ስለሆኑ ከጉድጓዱ ብዙም ሳይወጣ ዙሪያውን ይቃኛል፣ በአጠገቡ ያለውን ሣር ሰብስቦም ወደ ውስጥ ይጎትታል። ቀይ ቀበሮው የሚኖረው ይህንን ፍልፈልና የአምባውን አይጦች እያደነ ነው። ፊንጫ ሀቤራ በተባለው የድንጋይ መጠለያ የተደረገው ቁፋሮም፣ ከ40,000 ዓመታት በፊት ሰዎች በ3,469 ሜትር ከፍታ ላይ ይህንኑ ፍልፈል ጠብሰው ይመገቡ እንደነበር አሳይቷል። «ባዶ» የተባለው ምድር በበረዶ ዘመን እንኳ ሰውን መግቧል! ስለዚህ መኪናዎን ያቁሙ፣ ሞተሩን ያጥፉ፣ ግማሽ ሰዓት ዝም ብለው መሬቱን ይመልከቱ።

ቀይ ቀበሮን በስሙ ብቻ መመዘንም ሌላው ስህተት ነው። ስሙ ቀበሮ ቢሆንም የቅርብ ዘመዱ ተኩላ ነው። በቡድን ይኖራል፣ በቡድን ክልሉን ይጠብቃል፣ አደን የሚወጣው ግን ብዙውን ጊዜ ብቻውን ነው። አንዲት እንግዳዬ ብቻውን የሚሄድ ቀይ ቀበሮ አይታ ከመንጋው የጠፋ መስሏት ዳቦ ልትወረውርለት ስትል እጇን ይዤ አስቁሜአታለሁ። ከ500 የማይበልጡ አዋቂዎች ብቻ የቀሩትንና ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ውስጥ የሚገኙትን እንስሳ የመንገድ ዳር ለማኝ ማድረግ ለመኪና ጎማ አሳልፎ መስጠት ነው።

ከፍታን መናቅ የእኔም ስህተት ነበር። ሥራውን እንደ ጀመርኩ እንግዶቼን ከ1,500 ሜትር በታች ካለችው ደሎ መና አንሥቼ በአንድ ማለዳ ከ4,000 ሜትር በላይ ወዳለው ሳነቴ አወጣኋቸው፤ ከመካከላቸው ሁለቱ በራስ ምታትና በማቅለሽለሽ ተይዘው ቀኑ ተበላሸ፣ ጥፋቱም የእኔ ነበር። አሁን የመጀመሪያውን ሌሊት በ3,100 ሜትር ገደማ ባለችው ዲንሾ አሳድራለሁ፤ በዚያም ደጋ አጋዘንን በቅርብ ማየት ይቻላል። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ የጠራ ቢሆንም ሌሊቱ ውሃን ያረጋልና ወፍራም ልብስ ይያዙ።

ዋልያና ጭላዳን እዚህ አይፈልጉ፤ በፓርኩ አይገኙም። የሶፍ ዑመር ዋሻም ከፓርኩ ውጭ፣ በስተ ምሥራቅ ነው። 4,377 ሜትር ከፍታ ያለውን ቱሉ ዲምቱን «የአገራችን ሁለተኛ ተራራ» እያሉ የሚጽፉ ሰዎችም በሰሜን ተራሮች ያለው ቧሂት እንደሚበልጠው ይወቁ።

ከሳነቴ በስተ ሰሜን ወዳለችው ጎባ ከተማ መመለስ የፓርኩን ግማሽ ሳያዩ መሄድ ነው። በደቡብ በኩል መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወርድ ጅብራ የበቀለበት ውርጭ ያበቃል፤ በጉም የራሰና የዛፍ ሽበት ያንጠለጠለ የአስታ ደን ይቀበልዎታል፤ ቀጥሎ የባሌ ጦጣ ቅጠሉን የሚመገበው ቀርከሃ፣ ታች ደግሞ በሐረና ደን ውስጥ በተፈጥሮ የበቀለ ቡና ይመጣል። ይህንን ሁሉ በአንድ ቀን መንገድ የሚያሳይ ሌላ ስፍራ አላውቅም።

ውሻ ይዞ መምጣትን በተመለከተ ትዕግሥት የለኝም። እ.ኤ.አ. በ2003 የእብድ ውሻ በሽታ ከውሾች በፓርኩ ውስጥ ወዳሉት የዌብ ሸለቆ ቀይ ቀበሮዎች ተላልፎ አብዛኞቹን ፈጅቷል፤ በኋላም ሌላ የውሻ በሽታ ተከትሏል። ውሻዎ የተከተበ ቢሆንም ከቤት ይተዉት።