የራሳችሁን አገር ለመመሥረት ካሰባችሁ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

አገር መመሥረት ያን ያህል ከባድ አይደለም። ባንዲራ ታሰፋላችሁ፣ ሕገ መንግሥት ትጽፋላችሁ፣ ራሳችሁን ንጉሥ ወይም ፕሬዚዳንት አድርጋችሁ ትሾማላችሁ፤ አለቀ። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

እንዲህ ዓይነቶቹ የጨዋታ አገሮች ማይክሮኔሽን ይባላሉ። የተባበሩት መንግሥታት አያውቃቸውም። እነሱ ግን ማኅተም ይመታሉ፣ ቴምብር ያትማሉ፣ ጦርነት ያውጃሉ። አንዳንዶቹ ከሃምሳ ዓመት በላይ ኖረዋል። ሌሎቹ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላቸው ፖሊስ ደርሶባቸዋል። የወደቁት የወደቁበትን እያየን እንሂድ። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች ናቸው።)

"ባለቤት የለውም" የተባለን መሬት ባዶ ነው ብሎ ማሰብ

በግብፅና በሱዳን መካከል ቢር ታዊል የሚባል 2,060 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ በረሃ አለ። እንግሊዞች በ1899 አንድ ድንበር፣ በ1902 ደግሞ ሌላ ድንበር አሰመሩ። ግብፅ የመጀመሪያውን ይዛ ትከራከራለች፣ ሱዳን ሁለተኛውን። ሁለቱም ዓይናቸው ያረፈው ቀይ ባሕር ዳር ያለው ሐላይብ ላይ ነው። ችግሩ፣ ሐላይብን የኔ ያለ ቢር ታዊልን የኔ አይደለም ማለት አለበት። ስለዚህ ማንም አልፈልገውም ያለው መሬት መሀል ላይ ቀረ።

በ2014 አንድ የቨርጂኒያ ሰው ልጁ ልዕልት መሆን ስላማራት እዚያ ድረስ ሄዶ ባንዲራ ተከለ። ወሬው ዓለምን አዳረሰ። አባብዳና ቢሻሪን የሚባሉት አርብቶ አደሮች ግን በዚያ ምድር ከጥንት ጀምሮ ይንቀሳቀሳሉ። እነሱን የጠየቀ የለም። ይሄ ለኛ አካባቢ ሰው አዲስ አይደለም። አፋር ወይም ቦረና ሄዶ "እዚህ ሰው የለም" የሚል ካለ፣ ዝናብ የጣለ ጊዜ ተመልሶ ይምጣና ይየው።

ባሕር ላይ ብረት ተክሎ "ደሴት" ማለት

ጆርጆ ሮዛ የቦሎኛ መሐንዲስ ነበር። ከጣሊያኗ ሪሚኒ ፊት ለፊት ባሕሩ ላይ 400 ካሬ ሜትር መድረክ ሠራና በሜይ 1 ቀን 1968 ነፃ አገር ነው አለ። የሮዝ ደሴት ሪፐብሊክ። የሥራ ቋንቋው ኤስፔራንቶ የሚባለው ሰው ሠራሽ ቋንቋ ሆነ። ቴምብርም አሳተመ። ሁለት ወር ሳይሞላ የጣሊያን ፖሊስ በጀልባ መጥቶ ያዘው። በቀጣዩ ዓመት የካቲት ፈንጂ አጠመዱበት። የተረፈውን ማዕበል ጨረሰው።

"ሲላንድስ?" የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ሲላንድ እስካሁን አለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተሠራ፣ ከእንግሊዝ ጠረፍ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የቆመ የባሕር ምሽግ ናት። ሮይ ቤትስ የሚባል የቀድሞ ሻለቃ በ1967 ገባበትና ራሱን ልዑል አደረገ። በ1968 ልጁ ወደ ምሽጉ በተጠጋ ጀልባ አቅጣጫ ተኩሶ ፍርድ ቤት ሲቀርቡ፣ ዳኛው ቦታው ከእንግሊዝ የሦስት ማይል የባሕር ክልል ውጪ ስለሆነ አያገባኝም አለ። ዕድል ነው! እንግሊዝ በ1987 ክልሏን ወደ 12 ማይል አሰፋች። በ1982 የወጣው የባሕር ሕግ ስምምነት ደግሞ ሰው ሠራሽ መድረክ የደሴት ደረጃ የለውም ይላል። ያቺ ቀዳዳ ተደፍናለች፤ አትድከሙ።

ሲላንድን ካነሳን አይቀር፣ ሹመት ስትሰጡ ተጠንቀቁ። በ1978 ጠቅላይ ሚኒስትር ነኝ የሚል ጀርመናዊ ነጋዴ ልዑሉ በሌሉበት ቅጥር ተዋጊዎች ልኮ ምሽጉን ያዘ፤ የልዑሉንም ልጅ አገተ። ቤትስ በሄሊኮፕተር መልሰው ያዙት። ከወራሪዎቹ መካከል የያዙትን ጀርመናዊ ጠበቃ ለማስፈታት ከለንደን አንድ የጀርመን ዲፕሎማት ሲመጣ "ይኸው ጀርመን ዕውቅና ሰጠችን" አሉ። በኔ ግምት ከዲፕሎማሲ ታሪክ በጣም ደፋሩ ትርጓሜ ይሄ ነው።

ግብር አልከፍልም ማለት

ብዙዎቹን የቀበራቸው ይሄ ነው። ምዕራብ አውስትራሊያ ውስጥ ሌናርድ ካስሊ የሚባሉ ስንዴ አምራች ነበሩ። መንግሥት በሚሸጡት ስንዴ ላይ ኮታ ሲጥልባቸው ተናደዱ። በ1970 75 ካሬ ኪሎ ሜትር የሆነውን እርሻቸውን ሐት ሪቨር ብለው ገነጠሉ። ቱሪስት ጎረፈ፣ ገንዘብ ታተመ፣ በ1977 በአውስትራሊያ ላይ ለጥቂት ቀናት ጦርነት ታወጀ። ማንም ግድ አልሰጠውም። ግብር ሰብሳቢው ግን አልረሳም። በ2017 ፍርድ ቤት ወደ 3 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ክፈሉ አለ። ካስሊ በ2019 አረፉ። በ2020 በዕዳው ላይ ኮሮና ጎብኚውን ሲያስቀር ልጃቸው አገሪቱን ዘጋ። ሃምሳ ዓመት የኖረ መንግሥት በግብር ደረሰኝ ወደቀ።

አሁን ሞሎሲያን ተመልከቱ። ኔቫዳ ውስጥ ዴይተን አጠገብ ያለች አንድ ቤትና ግቢ ናት። ፕሬዚዳንቷ ኬቨን ቦው ሜዳሊያ ደርድሮ፣ መነጽር አድርጎ ጎብኚ ያስተናግዳል። ጨዋታውን የጀመረው ገና ልጅ ሳለ በ1977 ነው። የንብረት ግብሩንም ይከፍላል። ብቻ ግብር አይለውም፤ "የውጭ ዕርዳታ" ነው የሚለው። በዚህች አንዲት ቃል ኩራቱም ቤቱም ተረፈለት። ገንዘቡ ቫሎራ ይባላል፤ ዋጋው የተሰላው በብስኩት ሊጥ ነው። ብስኩት ቢያንስ ይበላል።

ሕጉን እንደ ጠበቃ መጻፍ

ለጨዋታ አገር ሕግ ስትጽፉ "አንቀጽ ሰባት፣ ንዑስ አንቀጽ ሐ" እያላችሁ ከጀመራችሁ የሚያነበው አይኖርም። የሊትዌንያ ዋና ከተማ ቪልኒየስ ውስጥ ኡዡፒስ የሚባል ሰፈር አለ። በናዚ ዘመን አይሁድ ነዋሪዎቹን አጥቷል፤ በሶቪየት ዘመን ፈራርሶ ቆይቷል። አርቲስቶች ገቡበትና በ1997 ኤፕሪል ዘ ፉል ዕለት ሪፐብሊክ ነን አሉ። ሕገ መንግሥታቸው 41 አንቀጽ ነው። ውሻ ውሻ የመሆን መብት አለው ይላል። ድመት ጌታዋን መውደድ ግዴታዋ አይደለም፤ በክፉ ቀን ግን መርዳት አለባት ይላል። ሰው ደስተኛ የመሆን መብት አለው፤ ያለመሆንም እንደዚያው። ይህ በብዙ ቋንቋ በብረት ሰሌዳ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። መንገደኛ ቆሞ ያነባል፣ ይስቃል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ባንዲራቸው መዳፉ የተበሳ እጅ ነው። እኔ ጉቦ የማይይዝ እጅ ብዬ ተርጉሜዋለሁ።

ክልከላ ማብዛትም አያዋጣም። ሞሎሲያ ሽንኩርት ከልክላለች። ሽንኩርት በሌለበት ወጥ የለም፤ ሐበሻ ዜጋ እንደማታገኝ ከወዲሁ ትወቀው።

ጦርነቱን ማርዘም

በ1982 የአሜሪካ ድንበር ጠባቂዎች ፍሎሪዳ ውስጥ ወዳለችው የቱሪስት ከተማ ኪ ዌስት በሚወስደው ብቸኛ መንገድ ላይ ኬላ አቆሙ፤ መኪናው ተሰለፈ፣ ቱሪስት ቀረ። ከንቲባው ኮንክ ሪፐብሊክ ብሎ ነፃነት አወጀ። ጦርነቱ አንድ የባሕር ኃይል ልብስ የለበሰ ሰው ላይ የደረቀ ዳቦ መስበር ነበር። ከንቲባው ከአንድ ደቂቃ በኋላ እጅ ሰጥቶ የ1 ቢሊዮን ዶላር ዕርዳታ ጠየቀ። ብሩ አልመጣም፤ ኬላው ግን ተነሳ።

ፓስፖርቱን ለቸገረው ሰው መስጠት

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ስዊድን ውስጥ ላርስ ቪልክስ የሚባል አርቲስት ባሕር ዳር በእንጨት ፍርስራሽ የሠራው ሥራ ከባለሥልጣናት ጋር ሲያካስሰው በ1996 ላዶኒያ የምትባል አገር አወጀ። ብሔራዊ መዝሙሯ ውኃ ውስጥ የተወረወረ ድንጋይ ድምፅ ነው። ነዋሪ የላትም። ሺዎች ፓኪስታናውያን ግን እውነተኛ አገር መስላቸው ዜግነት ጠየቁ፤ መጥተው ሊኖሩ። የኤምባሲ ወረፋ የሚያውቅ ሰው አይስቅባቸውም። የሲላንድ ስም ያለበት ፓስፖርትም ከቤተሰቡ ፈቃድ ውጪ እየታተመ ይቸበቸብ ነበር። ቤተሰቡ በ1997 ያወጣውን ፓስፖርት ሁሉ ሰረዘ።

እና ማተም ካማራችሁ፣ ሽፋኑ ላይ በትልቁ "ለጉዞ አያገለግልም" ብላችሁ ጻፉ። በነፃም ስጡት።