ስለ ግሎባላይዜሽን ተማሪ ለምታወያዩ መምህራን

«የግሎባላይዜሽንን ጥቅምና ጉዳት ተወያዩ» ብላችሁ ቡድን አትክፈሉ። ጎበዙ ልጅ ከመጽሐፉ ያነባል፣ ሌላው ዝም ይላል፣ አለቀ።

ከጃኬታቸው ጀምሩ። አጠገብ ላጠገብ የተቀመጡት ኮሌታቸውን ገልበጥ አድርገው የት እንደተሰራ ይተያዩ። ቻይና፣ ቬትናም፣ ቱርክ... ሰሌዳው ላይ ጻፉት።

እንደኛ ቦሌ ለሚ አካባቢ የምታስተምሩ ከሆነማ እህቱ ወይም ጎረቤቱ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የምትሰራ ልጅ አይጠፋም፣ ስለዚህ ጥያቄውን እዚያው አምጡት፦ አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ (ለአፍሪካ አገሮች ከሰጠችው ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል) ስታስወጣ እዚህ የሚሰፋው ልብስ ያለ ቀረጥ አሜሪካ የመግባት ዕድሉን አጣ፤ ማን ምን ሆነ? አንዱ ቡድን ልብስ ሰፊዋን፣ አንዱ የፋብሪካውን ባለቤት፣ አንዱ አሜሪካ ያለውን ሸማች፣ አንዱ ደግሞ ለሰፊዋ ቤት ያከራዩትን እማማ ሆኖ ይናገር። የአከራይዋን ቡድን በደንብ ስሙት። ዋሽንግተን የተወሰነ ነገር እዚህ ሰፈር የቤት ኪራይ ድረስ እንዴት እንደሚደርስ ልጆቹ ራሳቸው ያገኙታል፣ እኔ እዚህ ጋ ነው ክፍሉ ሲሞቅ የማየው።

አንድ ነገር ብቻ፦ ከመናገራቸው በፊት ሁለት ደቂቃ ዝም ብለው ይጻፉ። የ1 ለ 5 የጥናት ቡድን መሪው መጨረሻ ላይ ይናገር።