አምፖሉ ሳይበራ ጠይቁ፦ በሲሙሌሽን እንዴት እናስተምር?

ስለ ኮረንቲ ስታስተምሩ ተማሪው ሰሌዳ ላይ የሚያየው መስመርና ክብ ነው። ሽቦው ውስጥ ምን እንደሚካሄድ አያይም። ሲሙሌሽን፣ ማለትም ሙከራውን ኮምፒውተር ላይ አስመስሎ የሚያሳይ ፕሮግራም፣ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው።

እኔ ፌት (PhET) ከሚባለው የሳይንስ ሲሙሌሽኖች ስብስብ የሰርኪት መገጣጠሚያውን እጠቀማለሁ። ፌትን በ2002 አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ ያስጀመረው የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዋይማን ነው። ነጻ ነው።

መጀመሪያ ዋይፋይ ካለበት ቦታ ፋይሉን ዳውንሎድ አድርጉት። አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል። ኔትወርክ እስኪመጣ 60 ልጅ ፊት መቆም እንዴት እንደሚያደርቅ የቀመሰው ያውቀዋል።

ቀጥሎ ባትሪና ሁለት አምፖል በአንድ መስመር ግጠሙ፣ የመጨረሻዋን ሽቦ ግን ሳታገናኙ ተዉዋት። አሁን እጃችሁን ከማውሱ አንሱና "የትኛው ይበልጥ ይደምቃል?" በሏቸው። መልሱን ደብተራቸው ላይ ይጻፉ። ይህችን ከዘለላችሁ የቀረው ጌም ነው፤ ልጆቹ ተደስተው፣ ምንም ሳይዙ ይወጣሉ።

ከዚያ ሽቦዋን አገናኙ። ሁለቱም እኩል ይበራሉ።

ዋናው ሥራ አሁን ይጀምራል። የተማሪውን መልስ እያዩ የሚቀጥለውን ጥያቄ ራሳቸው የሚያከብዱ ወይም የሚያቀሉ ፕሮግራሞች አሉ። ይሄኛው ያን አያደርግም፣ ስለዚህ እናንተ ናችሁ የምታደርጉት። "የመጀመሪያው አምፖል ኮረንቲውን ይበላዋል" ላለው ልጅ (እንዲህ የሚል አይጠፋም) አሚተር (የኮረንቲ መለኪያ) ስጡት፣ ከአምፖሉ በፊትም በኋላም ይለካ። ባትሪው 9 ቮልት፣ አምፖሎቹ እያንዳንዳቸው 10 ኦም ከሆኑ ሁለቱም ቦታ 0.45 አምፔር ያነባል። እናንተ ዝም በሉ፣ ቁጥሩ ይንገረው። በትክክል የመለሰው ደግሞ አምፖሎቹን በትይዩ ይግጠምና ከባትሪው የሚወጣውን ይገምት። 1.8 አምፔር ሲያገኝ ለምን የ0.45ቱ አራት እጥፍ እንደሆነ ራሱ ይፈልግ። ጭራሽ ግራ የገባው ወደ አንድ አምፖል ይመለስ፣ 0.9ን አይቶ እንደገና ይጀምር።

አንዱ ቀበጥ ባትሪውን በባዶ ሽቦ ማገናኘቱ አይቀርም። ስክሪኑ ላይ እሳት ይነሳል። ተዉት፣ ሾርት ምን እንደሆነ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ሰዓት የለም። ቤት ሄዶ በእውነተኛ ባትሪ እንዳይሞክረው ግን ንገሩት።

መጨረሻ ላይ ከተገኘ ሁለት የባትሪ ድንጋይና ሁለት ትንንሽ አምፖል ይዛችሁ ግቡ፣ ያንኑ ሰርኪት በእጃቸው ይግጠሙት። እነዚህኛዎቹ ልክ እኩል ላይደምቁ ይችላሉ። ለምን በሏቸው።