ጠገራ ብር ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጠገራ ብር በእጁ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያነበው ዓመቱን ነው፤ ብዙው ስህተትም የሚጀምረው ከዚያው ነው። በማርያ ቴሬዛ ብር ላይ የሚታየው 1780 ያ ጠገራ በዚያ ዓመት መቀረጹን አያረጋግጥም። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ ያረፉት በዚያው ዓመት (እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የተቀረጸው ሁሉ ቁጥሩን ሳይለውጥ ወጥቷል። ቪየና፣ ሚላኖ፣ ቬኔዚያ፣ ፓሪስ፣ ለንደን፣ ቦምቤይና ሌሎችም ከተሞች ቀርጸውታል። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን በወረረበት በ1935 (እ.ኤ.አ.) የመቅረጫውን መብት ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ ማስቀረጽ ሲጀምር፣ እንግሊዞችም ብዙ ሳይቆዩ ለንደን ላይ የራሳቸውን ቀረጹ። ስለዚህ «ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የቆየ» ተብሎ የሚቀርብ ጠገራ ከሻጩ አባት ዕድሜ ላይበልጥ ይችላል። ሆኖም ይህ ብቻ ሐሰተኛ አያሰኘውም። በሕጋዊ የገንዘብ ማተሚያ ቤት፣ በትክክለኛው ክብደትና ጥራት ዳግም የተቀረጸ ብር ያው ብር ነው፤ ስህተቱ የጥንታዊ ዕቃ ዋጋ መክፈል ነው።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰለው ስህተት ከንግሥቲቱ ምስል በታች ያሉትን «ኤስ» እና «ኤፍ» የተባሉ የላቲን ፊደላት የማተሚያ ቤት ማረጋገጫ አድርጎ መውሰድ ነው። ፊደላቱ ዛሬ ጀርመን ውስጥ ባለችው በጉንዝቡርግ ከተማ ማተሚያ ቤት የነበሩ የሁለት ሹማምንት ስም መነሻዎች ናቸው፤ ነገር ግን በኋላ በሌሎች ከተሞች የተቀረጹትም ይዘዋቸው ስለወጡ የትውልድ ቦታውን አይነግሩም። የትኛው ከተማ እንደቀረጸው የሚለየው በጥቃቅን ልዩነቶች ነው፤ በትከሻዋ ጌጥ ዙሪያ ያሉት ፈርጦችና በጀርባው ያለው ንስር የጭራ ላባዎች በማጉያ መነጽር መታየት አለባቸው።

በምኒልክ ብር ላይ ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ፲፰፻፹፯ የሚለውን የግዕዝ ቁጥር እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር አንብበው 1887 ብለው የሚመዘግቡ ሻጮች አሉ። ምኒልክ ግን ንጉሠ ነገሥት የሆኑት በ1889 (እ.ኤ.አ.) ስለሆነ፣ «ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ብር ከዚያ ሊቀድም አይችልም። በእኛ ዘመን አቆጣጠር 1887 ዓ.ም. ማለት በፈረንጆቹ 1894 እና 1895 ነው። በዚህ ብር ላይ ያለችው ትንሽ የላቲን «ኤ» ፊደል የፓሪስ ማተሚያ ቤት ምልክት ናት፤ እዚህ ላይ ፊደሏ በእርግጥ ቦታ ትነግራለች።

ዋጋ ላይ በብዛት የሚያሳስተው አውንስ ነው። የማርያ ቴሬዛ ጠገራ 28.07 ግራም ገደማ ስለሚመዝን፣ 28.35 ግራም የሆነውን ተራ አውንስ የሚያውቅ ሰው «አንድ አውንስ ብር ነው» ይላል። የከበሩ ማዕድናት አውንስ ግን 31.1 ግራም ነው፤ ጠገራውም ከ1000 እጅ 833ቱ ብቻ ንጹሕ ብር ስለሆነ በውስጡ ያለው 23.39 ግራም፣ ማለትም የአውንሱ ሦስት አራተኛ ነው። በአውንስ ዋጋ የገዛ ሰው ሩቡን ያህል ያለ ምክንያት ይከፍላል።

እውነተኛነትን በማግኔት ብቻ መፈተን ሌላው ስህተት ነው፤ ማግኔት ብረትን ያጋልጣል እንጂ መዳብን፣ ናስን ወይም እርሳስን አያጋልጥም። የተሻለው ዘዴ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። መቶኛ ግራም በሚያነብ ሚዛን ላይ የውኃ ብርጭቆ አስቀምጠው ሚዛኑን ወደ ዜሮ ይመልሱት፤ ከዚያም ጠገራውን በቀጭን ክር አንጠልጥለው፣ ታችና ጎን ሳያስነኩ ሙሉ በሙሉ ይንከሩት። ጤነኛ ጠገራ ሚዛኑን 2.75 ግራም አካባቢ ያስነብባል። ክብደቱ 28 ሆኖ ከ3 ግራም በላይ ካስነበበ መዳብ የበዛበት ነው፤ ከ2.5 በታች ከወረደ ደግሞ እርሳስ ይጠረጠራል። ጠርዙንም መዳሰስ ይገባል፤ የማርያ ቴሬዛው ጠርዝ በላቲን «በፍትሕና በምሕረት» የሚል ጎላ ያለ ጽሑፍ ስላለው፣ በቅርጽ የፈሰሰ ሐሰተኛ ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ይደበዝዛል ወይም የመጋጠሚያ መስመር ይታይበታል።

በመጨረሻ ስለ ማጽዳት ልናገር፤ እኔም በዚህ ተሞኝቻለሁና። የጠቆረ የምኒልክ ብር በሎሚና በአመድ ፈትጌ አብለጨለጭኩት፤ ገዢው በመነጽር ሲያየው የአንበሳው ጎፈር ላይ የቀሩትን ጭረቶች ቆጥሮ በብረቱ ዋጋ ብቻ ጠየቀኝ። ለአንገት ጌጥ ተብሎ ማንጠልጠያ የተበየደበት ጠገራም እንዲሁ ነው፤ ማንጠልጠያው ቢነቀል እንኳ የብየዳው ጠባሳ ጠርዙ ላይ ይቀራል።