«ቼንጅ» በጀርመንኛ ስንት ነው?

ጀርመን በገባሁ በሦስተኛው ወር ይመስለኛል። ዝናብ ደብድቦኝ ቤት ስገባ አብራኝ የምትኖረው ልጅ ኩሽና ቁጭ ብላ ሻይ ትጠጣለች። ልብሴን ቀይሬ ልምጣ ለማለት «ኢሽ ትሲየ ኡም» አልኳት። ክው አለች። «ቮሂን?» አለችኝ፣ ወዴት ማለቷ ነው። ለካ ቤቱን ልለቅ ነው ብያት ኖሯል! የጎደለችኝ «ሚሽ» የምትባል ትንሽ ቃል ናት፤ «ኢሽ ትሲየ ሚሽ ኡም» ብል ኖሮ የልብሱ ነገር በገባት ነበር።

ጥፋቱ የመዝገበ ቃላቱ አልነበረም። የእንግሊዝኛውን «ቼንጅ» ብዬ ፈለግኩ፣ አሥር ቃል ተደረደረልኝ፣ አንዱን አንስቼ ሮጥኩ።

ስለዚህ ቃሉን ብቻውን አትፈልጉት። መጀመሪያ ማን፣ ምኑን እንደሚቀይር ሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ቀጥሎ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ነገሩ እዛው ሆኖ ነው የሚስተካከለው ወይስ እሱ ወጥቶ ሌላ ይተካል? እዛው ከሆነ ብዙ ጊዜ «ኤንደርን»፣ ሌላ ከተተካ «ቬክሰልን» ነው። ዕቅድ ኤንደርን፣ የመኪና ጎማ ቬክሰልን። ሐኪም መቀየርም ቬክሰልን ነው፣ ሰውዬውን ልታስተካክሉት አይደለማ።

ሱሪ ላይ ሞክሩት። የገዛችሁት ሱሪ ረዘመና ልብስ ሰፊ ጋ ወስዳችሁ ብታሳጥሩት ኤንደርን ነው፤ የጀርመን ከተሞች መንገድ ላይ «ኤንደሩንግስሽናይደራይ» የሚል ታፔላ የምታዩትም ለዚሁ ነው። ወጥ ስለፈሰሰበት አውልቃችሁ ሌላ ብትለብሱ ቬክሰልን። ቁጥሩ አልሆን ብሏችሁ ደረሰኙን ይዛችሁ ሱቁ ሄዳችሁ በሌላ ብታስለውጡት ግን «ኡምታውሸን» ነው። ሱሪው አንድ፣ እንግሊዝኛውም አንድ፣ ጀርመንኛው ሦስት። የኛው «ቀየረ»ም እዚህ ላይ ብዙ አይረዳም፣ እሱም ሁሉን ጠቅልሎ ነው የሚሄደው።

«ኡም» የምትለዋን ከያዛችሁ ግማሹ መንገድ አለቀ። ዞሮ ወደ ሌላ መሄድ ዓይነት ስሜት አላት። ባቡር መቀየር ኡምሽታይገን፣ የበረራ ቀን መቀየር ኡምቡኸን፣ ቤት መቀየር ኡምትሲየን። ስትናገሩ ደግሞ ተገንጥላ መጨረሻ ላይ ትሄዳለች፦ «ኢሽ ሽታይገ ኢን ፍራንክፉርት ኡም»። እሷን ከረሳችኋት ፍራንክፉርት ላይ ባቡር ቀየርኩ ሳይሆን ፍራንክፉርት ውስጥ ወጣሁ ወይ ወረድኩ የሚመስል ግማሽ ነገር ነው የሚቀረው።

ገንዘብ ላይ ስንደርስ ግን አማርኛ ከእንግሊዝኛ ይሻለናል፣ እኔ እንደውም እንግሊዝኛውን ዘግቼ በአማርኛ ብቻ ነው የማስበው። ዝርዝር አለህ? ስንል ክላይንጌልት ነው። ባለ ሱቁ የሚመልስልን መልስ ቬክሰልጌልት ነው። ዶላር በዩሮ መመንዘር ደግሞ ቬክሰልን። እንግሊዝኛ ሦስቱንም «ቼንጅ» ይላቸዋል፣ እኛ ግን ድሮውንም ለይተን ነው የምንጠራቸው።

ቃሉን ከመረጣችሁ በኋላ ገልብጣችሁ አጣሩት። ጀርመንኛውን ዱደን የሚባለው የጀርመንኛ መዝገበ ቃላት ላይ አስገቡና ምሳሌዎቹን አንብቡ፤ እናንተ የጻፋችሁትን የሚመስል ዓረፍተ ነገር እዛ ውስጥ ከሌለ ቃሉ ትክክለኛው ላይሆን ይችላል። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፣ እኔ ያን ቀን ባደርገው ኖሮ ልጅቷ ሻይዋን በሰላም ትጠጣ ነበር።

አንዳንዴ ደግሞ የሚተረጎም ቃል ጭራሽ አይኖርም። ምግብ ቤት በልታችሁ ሂሳቡ 18 ዩሮ ከ40 ሳንቲም መጣ እንበል። 20 ሰጥታችሁ መልሱን ተወው ለማለት ስለ መልስ አንድም ቃል አትተነፍሱም። «ሽቲምት ዞ» ትላላችሁ፣ ልክ ነው፣ እንዲሁ ይሁን እንደማለት ነው። አስተናጋጁ ዳንከ ብሎ ይሄዳል።