በኢምቤድድ ፕሮሰሰር ላይ ሴኪዩር ቡት አዘረጋግ

ሴኪዩር ቡት፣ ማለትም መሣሪያው ሲነሣ በትክክል የተፈረመ ሶፍትዌር ብቻ እንዲሠራ የሚያደርገው ጥበቃ፣ የሚጀምረው ከኮዱ ሳይሆን ከቁልፉ ነው። በቅድሚያ የግልና የይፋ ቁልፍ ጥንድ ያዘጋጁ (በግሉ ሶፍትዌሩ ይፈረማል፣ በይፋው ፊርማው ይረጋገጣል)፤ የግሉ ቁልፍ ከተሰረቀ የቀረው ጥበቃ ሁሉ ከንቱ ስለሚሆን፣ በፕሮግራመሩ ላፕቶፕ ላይ ሳይሆን ቁልፍን ወደ ውጭ በማያወጣ ልዩ ሃርድዌር ውስጥ ይቀመጥ። ቀጥሎ የይፋ ቁልፉን የኤስኤችኤ-256 ሃሽ (በስሌት የሚገኝ አጭር አሻራ)፣ ማለትም 32 ባይት ብቻ፣ በፕሮሰሰሩ ፊውዞች፣ ማለትም አንዴ ብቻ በሚጻፍባቸው የቺፑ ቋሚ ቢቶች ላይ ይጻፉ። ፊውዝ አንዴ ከተቃጠለ አይመለስምና፣ የባይቶቹን ቅደም ተከተል ከአምራቹ ማንዋል ጋር ሁለት ጊዜ ያመሳክሩ፤ እኔ በዚህች ስህተት አንድ ቦርድ ከጥቅም ውጭ አድርጌያለሁ።

ፕሮሰሰሩ ሲበራ በሮም (ROM፣ የቺፑ ተነባቢ-ብቻ ማስታወሻ) ውስጥ ያለው የማይለወጥ ኮድ የቡትሎደሩን፣ ማለትም ሲስተሙን የሚያስነሣውን ፕሮግራም፣ ፊርማ ያረጋግጣል፤ ቡትሎደሩም በተራው የከርነሉን (የስርዓተ ክወናውን እምብርት)። ፊርማው ያልተረጋገጠ ኮድ ጭራሽ እንዳይነሣ ቺፑን ከመቆለፍዎ በፊት በተፈረመው ፋይል ውስጥ አንዲት ባይት ለውጠው ያስነሡት። አንዳንድ ቺፖች ሳይቆለፉ መነሣታቸውን ባያቆሙም ስህተቱን ይመዘግባሉና፣ መዝገቡ ባዶ ከሆነ ማረጋገጫው አልሠራም ማለት ነው። ቀዳዳ ያለበት አሮጌ ሶፍትዌርም ትክክለኛ ፊርማ ስላለው፣ ወደ ኋላ መመለስን የሚከለክለውን የስሪት ቆጣሪ ያብሩ፤ ቺፑን ከውጭ ለመፈተሽ የሚያገለግለውን የጄታግ (JTAG) በርም ይዝጉ።

የሙከራ ውጤቶቹን ለተገዢነት ማስረጃነት ያስቀምጡ። የአውሮፓ ኅብረት የሳይበር ተቋቋሚነት ሕግ (Cyber Resilience Act) ለዲጂታል ምርቶች የጣላቸው ዋና ዋና ግዴታዎች እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 11 ቀን 2027 ጀምሮ ይጸናሉ፤ ጥቃት እየተፈጸመባቸው ያሉ ቀዳዳዎችን የማሳወቅ ግዴታው ግን ቀድሞ፣ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2026 ይጀምራል።